«ቼ በለው» ወይስ «ወደ ሐረር ጉዞ»? የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ አልበሞች ክርክር

መነሻ ጽሑፍ

ጥያቄዬ ቀጥተኛ ነው። የኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ አዲስ አበባ ሳለ ከባንድ ጋር ከሠራቸው የመሣሪያ ሙዚቃ አልበሞች የትኛው ይበልጣል? የኔን መልስ አልደብቅም፤ አንደኛው «ወደ ሐረር ጉዞ» ነው። አብዛኛው ሰው «ቼ በለው»ን እንደሚያስቀድም አውቃለሁ፣ ለምን እንደሚያስቀድምም ይገባኛል፣ ግን አልስማማም።

ለአዲስ አድማጭ ቅደም ተከተሉን ላስቀምጥ፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1975 ከዋልያስ ባንድ ጋር የተሠራው «ትዝታ» በካሴት ወጣ። በ1977 «ቼ በለው» በአሊ ታንጎ ካይፋ ሪከርድስ በኩል በሸክላ ታተመ። በ1978 ኃይሉ ዋልያስን ሳይሆን ግዮን ሆቴል ይጫወት የነበረውን ዳህላክ ባንድን ይዞ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ቀዳ። ዋልያስ በ1981 ለጉብኝት አሜሪካ ሄዶ ከፊሉ እዚያው ከቀረ በኋላ ደግሞ፣ በ1985፣ ኃይሉ ብቻውን «ሸሞንሟናዬ»ን ሠራ።

«ቼ በለው» ዛሬ ያለውን ስም ያገኘው በሙዚቃው ብቻ አይደለም። ሸክላ ስለነበረም ነው። ሸክላ ይሰበሰባል፣ በጨረታ ይቀርባል፣ ዋጋው ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው እትም በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ተሽጧል። ካሴት እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። በየመኪናው ተጫውቶ፣ ከሰው ሰው ተቀድቶ፣ በመጨረሻ ክሩ ተጠምዝዞ ይጣላል። «ወደ ሐረር ጉዞ» እንደገና እስከታተመበት እስከ 2016 ድረስ የውጭ ሸክላ ሰብሳቢ የሚያሳድደው ሥራ አልነበረም። እኛም የሌላውን የዋጋ ዝርዝር ተቀብለን የደረጃ ዝርዝር አደረግነው።

ዋናው ምክንያቴ ግን ይህ ነው። ኃይሉ የሚጫወታቸው አብዛኞቹ ዜማዎች ግጥም አላቸው፤ ግጥሙንም እኛ እናውቀዋለን። «እምቧ በይ ላሚቱ»ን በኦርጋን ሲጫወት እኔ የምሰማው ኦርጋን ብቻ አይደለም፤ ቃሉ በውስጤ አብሮ ይሄዳል። ኃይሉ ይህን አውቆ የሚጫወት ሰው ነው። ዘፋኝ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ እጁን ያነሳል፤ ዘፋኝ በሚያንቆረቁርበት ቦታ ጣቱን ያንቀጠቅጣል። «አንቺን ክፉ አይንካሽ» ላይ አድምጡት። በ«ቼ በለው» ላይ ብዙ ጎበዞች ተራ በተራ ይናገራሉ። በ«ወደ ሐረር ጉዞ» ላይ ግን አንድ ሰው በጣቱ ይዘፍናል፣ ባንዱም እንደ ዘፋኝ ያጅበዋል። የተቀዳውም በስቱዲዮ አይደለም። ክለቡ ደንበኛ በሌለበት ከሰዓት በኋላ፣ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ባንዱ ማታ ማታ በሚጫወትበት በዚያው አዳራሽ ነው። የቤቱ ድምፅ ራሱ ይሰማል።

ትስማማላችሁ ወይ?

የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው እነሆ። ቃል በቃል አልገለበጥኳቸውም፤ ሐሳባቸውን በራሴ አነጋገር አስቀምጬ፣ የመሰለኝንም ጨምሬበታለሁ።

መልስ 1

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ በዕድሜ ከኔ የሚበልጥ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ጥያቄው በመነሳቱ ደስ እንዳለው ገልጾ፣ ከዚያ በጨዋ ደንብ ተቃወመኝ። እሱ እንደሚለው «ቼ በለው» የሚቀድመው ሙሉ ባንድ የሚሰማበት ሥራ ስለሆነ ነው። የሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ የዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ የማህሙድ አማን ጊታር፣ የግርማ በየነ ፒያኖ ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው፤ ማንም ማንንም አይጋፋም። ዋልያስ የመንግሥት ወይም የጦር ክፍል ባንድ ሳይሆን በራሱ የቆመ ቡድን መሆኑንም አስታወሰን። ከዚያ በፊት የነበሩት ታላላቅ የሙዚቃ ቡድኖች የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የጦር ሠራዊት፣ የማዘጋጃ ቤት እየተባሉ የሚጠሩ ነበሩ። ሙዚቀኞቹ ደመወዝተኞች፣ መሣሪያውም የድርጅቱ ነበር። በራሱ መሣሪያ በራሱ ስም የሚጫወት ቡድን ያወጣው ሸክላ፣ እንደሱ አባባል፣ የነፃነት ድምፅ አለው።

ይህ ከባድ ሐሳብ ነው። የተጫዋቾቹ እርጋታ ከዚህ ይመጣል ቢባል አምናለሁ።

መልስ 2 እና 3

አንድ ወጣት ከየት ልጀምር ብሎ ጠየቀ። እኔ ከ«ቼ በለው» ሸክላ «ሙዚቃዊ ስልት»ን፣ ቀጥሎ «ሎሚ ተራ ተራ»ን፣ ከዚያ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ከዳር እስከ ዳር እንዲሰማ ነገርኩት። ክርክሩን ግን ሰምቶ ሳይጨርስ እንዳያነብ አሳሰብኩት።

መልስ 4፣ 5 እና 6

አራተኛው «ቼ በለው»ን የሙላቱ አስታጥቄ አልበም ነው ብሎ ጻፈ። አምስተኛው በትሕትና አረመው። ሙላቱ በዚያ ሸክላ ላይ ቫይብራፎን ተጫውቷል፤ አልበሙ ግን የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ነው። ስድስተኛው ትዕግሥት አልነበረውም። በ2005 የወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም የሙላቱን ሙዚቃ ለዓለም ካሰማ ወዲህ፣ ከዚያ ዘመን የመጣ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ሁሉ ለሙላቱ እንደሚሰጥና ይህም እንደሰለቸው በብርቱ ቃል ተናገረ። «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት መሆኑን ስንት ሰው ያውቃል ሲልም ጠየቀ። ግርማ ለብዙ ዘፋኞች ያቀናበረ፣ ራሱም የዘፈነ፣ አሜሪካ ቀርቶ ለረጅም ዓመታት ከመድረክ ርቆ፣ በ2017 አካሌ ዉቤ ከሚባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አልበም ይዞ የተመለሰ ሰው ነው።

ስድስተኛው ቃሉ ቢሻክርም ቁጭቱ የኔም ነው። ሙላቱ ክብር ይገባዋል፤ የግርማን ድርሻ ለእሱ በመስጠት ግን ሙላቱ አይከበርም።

መልስ 7

ከሁሉም የረዘመውና ሐሳቤን በትክክል የነካው ይህ ነው። ጸሐፊው አዲስ አበባ ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት ባለሙያ መሆኑን ተናግሮ ጀመረ። የመነሻ ጽሑፌን ከሥሩ ነው የያዘው። ኦርጋኑ የሚደነቀው ግጥሙን ስለምናውቀው ከሆነ፣ ያደነቅነው ግጥሙን እንጂ ሙዚቃውን አይደለም ይላል። ግጥም የማያውቀው ሰው ሲሰማው የሚቀር ነገር ካለ የሙዚቃው ጉድለት ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» ግን የሚያስታውሰው ቃል የለውም። የነሐስ መሣሪያዎቹ አጭር ሐረግ ይዘው ይመላለሳሉ፣ ከሥር ባሱና ኦርጋኑ ይገፋሉ፣ ያ ብቻውን ሰው ያስነሳል። ለዚህም ማስረጃ አቀረበ። የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ ተጫውቶታል፤ የኒው ዮርኮቹ ዳክታሪስ ተጫውተውታል፤ ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ዘ ኤክስ ከሚባለው የሆላንድ ባንድ ጋር በ2006 ባወጣው ሥራም አለ። ከእነዚህ የውጭ ባንዶች አብዛኞቹ አባላት አማርኛ አያውቁም፤ አንዳቸውም ግን ዜማው አልጠፋቸውም።

የሙያ ነገርም አነሳ። በ«ቼ በለው» ላይ የአገራችንን ቅኝት ከጊታርና ከነሐስ መሣሪያ ስምምነት ጋር ማዋሃድ ከባድ ሥራ ነው። ቅኝታችን አምስት ድምፅ ነው፤ የፈረንጅ ኮርድ ሲጫንበት አንዳንዴ ዜማው ቀለሙን ይለቃል። ዋልያስ ኮርዱን አሳስተው ዜማውን አላጠፉም፣ ዜማውን ጠብቀው ኮርዱን አላደረቁም። «ወደ ሐረር ጉዞ» ላይ ይህ ፈተና ቀላል ነው ይላል፤ ባንዱ በአብዛኛው በአንድ ምት ላይ ተቀምጦ ኦርጋኑን ይጠብቃል።

መልስ 8

የኔ ነው። የሰባተኛውን ክርክር ጥንካሬ አከብራለሁ፤ ስለ «ሙዚቃዊ ስልት» የተናገረውን ሁሉ እቀበላለሁ። አንድ ዘፈን ግን አልበም አይሆንም። በዚያው ሸክላ ላይ ያሉት «ወገኔ» እና «ብርቱካኔ» ግጥም ያላቸው ዜማዎች ናቸው፤ ስለ እነሱ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ባንዱ በአንድ ምት ላይ መቀመጡንም እንደ ስንፍና አላየውም። ከባዱ ነገር እሱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ለሚጨፍር ሰው የሚጫወት ባንድ ምቱን አጥብቆ መያዝ እንጂ በየደቂቃው መለዋወጥ አይጠቅመውም።

መልስ 9 እና 10

ዘጠነኛው «ቼ በለው» የወጣው በ70 ነው እያለ፣ አሥረኛው በ77 ነው እያለ ተከራከሩ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ በእኛ አንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር እየጻፈ ነበር። በ1977 የመጨረሻ ወራት የወጣ ሸክላ በእኛ 1970 ነው። እባካችሁ ዓመት ስትጽፉ አቆጣጠሩን ጨምሩ።

መልስ 11፣ 12 እና 13

አሥራ አንደኛው ከአባቱ የወረሰው የካሴት ቅጂ እንደገና ከታተመው ዝቅ ባለ ድምፅ እንደሚጫወት ጽፎ፣ የኋላኛው እትም ተፈጥኗል ብሎ ደመደመ። አሥራ ሁለተኛው ቴፕ ጠጋኝ የነበረ ሰው ነው፤ መልሱን በማንበቤ ብዙ ተማርኩ። የሚቀዳው ቴፕ ሞተር ፈጥኖ ከሄደ፣ ያ ካሴት በትክክለኛ ቴፕ ሲጫወት ይዘገያል፣ ድምፁም ይወርዳል። ቀጂው ሞተር ከዘገየ ደግሞ በተቃራኒው ሲጫወት ይፈጥናል፣ ድምፁም ይወጣል። ከዚህ ሌላ የማጫወቻው ላስቲክ ከረገበ ወይም ባትሪው ከደከመ ይጎትታል። ስለዚህ አንድ ቅጂ ይዞ ዋናው ይህ ነው ማለት አይቻልም። መፍረድ ከተፈለገ ሙዚቀኞቹ መሣሪያ የሚቃኙበትን ድምፅ ማወቅ፣ የኦርጋኑን ድምፅ ከዚያ ጋር ማስተያየት ነው፤ ኦርጋን እንደ ጊታር በየምሽቱ አይቃኝም።

አሥራ ሦስተኛው ከዚህ ተነስቶ ስለ መርካቶ ካሴት ቀጂዎች፣ ስለ ባዶ ካሴት ጥራት፣ በመጨረሻም ስለ መኪና ቴፕ ጽፎ ጭራሽ ከመንገድ ወጣ። ጥሩ ጨዋታ ነበር፣ ግን ወደ ጉዳያችን ልመለስ።

መልስ 14

የውይይቱን ክር የቀየረው ይህ ነው። አንድ አዛውንት ጻፉ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተማሪ ነበሩ። ቀይ ሽብር ነበር። ጓደኞቻቸው ከቤት ተወስደው አልተመለሱም፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄዱ አስፋልት ዳር የወደቀ ሬሳ አይተዋል። እኛ እዚህ ስለ ኦርጋን ድምፅና ስለ ሸክላ ዋጋ የምንከራከርበት ሙዚቃ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ፣ ሂልተን ውስጥ ለሚበሉና ለሚጠጡ ሰዎች ይጫወት ነበር። ወርቃማ ዘመን የሚለው አባባል እሳቸውን እንደሚያማቸው ገለጹ። ማንንም አልሰደቡም። ቃላቸው የተመጠነ ስለነበር የበለጠ ይከብዳል።

መልስ 15

አንድ ሰው በቁጣ መለሰ። ሙዚቀኛ ሰው አልገደለም፤ ሁሉን ነገር ፖለቲካ ማድረግ ይብቃን፤ እንዲህ ከሆነ የዚያ ዘመን እንጀራም አይበላ ዓይነት ነገር ነው። ለአንድ አዛውንት እንዲህ መናገር ነውር ነው፤ በዚያው ክር ላይ ነግሬዋለሁ።

መልስ 16

ቀጥላ የጻፈችው ሴት አክስቷ በዚያ ዘመን በአንድ ሆቴል ትሠራ ነበር። አክስቷ ያወሩላትን ነው ያመጣችልን። ሰዓት እላፊ ነበር፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማንም መንገድ ላይ መታየት አይችልም። ስለዚህ ወደ ክለብ የገባ ሰው ወይ ቀድሞ ይወጣል፣ ወይ እስኪነጋ ይቀራል። አስተናጋጁም፣ ወጥ ቤቱም፣ ሙዚቀኛውም እንደዚሁ። ሙዚቃው ሌሊቱን ሙሉ የሚቀጥለው ሁልጊዜ ደስታ ስለበዛ አይደለም፤ የሚወጣበት በር ስለሌለም ነው። አክስቷ ከሙዚቀኞቹ መካከል በእረፍት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያንቀላፉትን፣ ከዚያ ተነስተው ደግሞ የሚጫወቱትን ታስታውሳለች። ግጥም ያለው ዘፈን በሳንሱር ማለፍ ነበረበት፤ ኦርጋን ምን እንዳለ ግን ማንም በወረቀት ሊያሳይ አይችልም።

እኔ እዚህ ላይ ደጋግሜ አስቤያለሁ። ከላይ ያልኩት፣ ማለትም ቃሉ በአድማጩ ውስጥ አብሮ ይሄዳል የሚለው፣ በዚያ ዘመን ተጨማሪ ክብደት ነበረው። የታወቀ ዜማ ያለ ቃል ሲጫወት፣ አድማጩ የፈለገውን ቃል ሊያስገባበት ይችላል።

መልስ 17

አዛውንቱ ተመለሱ። ሙዚቃውን እንደማይጠሉት፣ «ትዝታ» የሚለው ካሴት ቤታቸው እንዳለ ተናገሩ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልበሙ ሲነሳ ዓመቱም ከነጉዱ ይነሳ። አሥራ አምስተኛው ይቅርታ ጠየቃቸው። እኔም የጠየቁትን አደርጋለሁ፦ «ቼ በለው» እና «ወደ ሐረር ጉዞ» የወጡት ቀይ ሽብር ወጣቱን በሚያጭድበት ወቅት ነው።

መልስ 18፣ 19 እና 20

አሥራ ስምንተኛው ፈረንጅ ካላመሰገነ የራሳችንን አናይም ብሎ ተቆጣ። ኃይሉን የምናወራው አንድ አሜሪካዊ፣ ብራያን ሺምኮዊትዝ፣ ባሕር ዳር ውስጥ «ሸሞንሟናዬ»ን ካሴት ገዝቶ በ2013 ስላሳተመው ብቻ እንደሆነ ተናገረ። አሥራ ዘጠነኛው ቁጣውን በቁጣ መለሰው። ያ ካሴት በገበያ ላይ ሲሸጥ ሁላችንም በአጠገቡ አልፈናል፤ ዋናው ሰው አሜሪካ እንዳለ እየታወቀ ማንም ስልክ አልደወለለትም፤ የደወለውን ሰው መክሰስ ምን ይባላል? ያ አሳታሚ፣ ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ፣ ገቢውን ከአርቲስቱ ጋር እኩል እንደሚካፈል በይፋ የሚናገር መሆኑንም ጨመረ። ሃያኛው ሁለቱንም ሰደበ፤ የጻፈው ስድብ ብቻ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ሁለቱም ያልተናገሩት ነገር አለ። ሰውየው እነዚህን ሥራዎች አግኝቶ ማሳተሙ መልካም ነው፤ የትኛው ይበልጣል የሚለውን ግን ለእሱ መተው የለብንም። «ሸሞንሟናዬ» በ2013፣ «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016፣ «ትዝታ» በ2021 እንደገና ሲወጡ፣ የውጭ አድማጭ ከኋላ ወደፊት እየዘለለ ነው የሰማቸው። የአባታችን ቤት የሰማው ቅደም ተከተል ያ አልነበረም።

መልስ 21

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። በኃይሉ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በታክሲ እንደሚጀምር አንስቶ፣ በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከኋላ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር የሚለው ታሪክ እንዳሰለቸው ተናገረ። ለእሱ ይህ ተአምር አይደለም። እሱ በሚቆምበት ሰልፍ ላይ መምህርም፣ መሐንዲስም፣ የባንክ ሠራተኛም የነበሩ አሉ። መጻፍ ያለበት ስለ አኮርዲዮኑ ነው ይላል። ኃይሉ በልጅነቱ ጦር ሠራዊት ውስጥ የተማረው መሣሪያ አኮርዲዮን ነው፤ በ«ሸሞንሟናዬ» ላይ ያንን የወጣትነቱን አኮርዲዮን ከያማሃ ዲኤክስ ሰባት፣ ከሮድስ ፒያኖ፣ ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አንድ ላይ አስቀመጠው። ከአገር የወጣ ሰው ያለውን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ሲጫወት የሚሰማው ያ ነው። «ሐሪ መሩ መሩ»ን ማታ ማታ መኪና ውስጥ ይሰማዋል። ለእሱ አንደኛው አልበም ይህ ነው፤ የባንድ ዘመን የሚለውን አጥሬን ፈጽሞ አልተቀበለውም።

መልስ 22 እና 23

ሃያ ሁለተኛው የከበሮ ማሽኑ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰው የሌለበት ቤት ይመስላል ብሎ ተከራከረ። ሃያ ሦስተኛው፣ ቀዝቃዛ የሆነው ስደቱ ነው፣ ማሽኑን አትክሰስ ዓይነት መልስ ሰጠው። ከዚህ በላይ አልቀጠሉም። እኔ በ«ሸሞንሟናዬ» ላይ የሚያምረኝ «አምባሰል» ነው፤ ማሽኑ ሲቆጥር አኮርዲዮኑ አይቸኩልለትም።

መልስ 24

የ«ትዝታ» ካሴት ደጋፊ እስካሁን አልነበረም። ይህች ሴት መጣችና ሁላችንም የረሳነውን ነገረችን። የ1975ቱ ሥራ ሲወጣ በካሴት ላይ ያለ ዘፋኝ ሙሉ ሙዚቃ ማቅረብ ድፍረት ነበር፤ ሰው ገንዘብ የሚከፍለው ለድምፃዊ ነበርና። ዋልያስ ሂልተን ውስጥ በእራት ሰዓት የሚጫወቱት ጨዋታ መቆጠብ የሚጠይቅ ነው፤ ወሬ ሳይሸፍኑ መሰማት። ያ ቁጥብነት በካሴቱ ላይ አለ። ኋላ የመጡት ሁለቱ ጮክ ያሉ ናቸው ትላለች። እናቷ ቡና ስታፈላ ይህን ካሴት ታደርግ ነበር፤ እንግዶቹ ሳያስተውሉ አብረው ያንጎራጉሩ ነበር።

የኔን ሐሳብ ከኔ በተሻለ ያስረዳችው እሷ ናት፤ አልበሙ ሌላ ቢሆንም።

መልስ 25 እና 26

ሃያ አምስተኛው የማህሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ» የዋልያስ ነው ብሎ ሌላ ክርክር ሊጀምር ነበር። ሃያ ስድስተኛው የአይቤክስ ባንድ ሥራ መሆኑን ነግሮ፣ ስለ ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩምና ስለ ባሲስቱ ጆቫኒ ሪኮ፣ አይቤክስም ኋላ ሮሃ ባንድ ስለመሆኑ ረዘም አድርጎ ጻፈ። ይህ የራሱ ክር ይገባዋል፤ የሚከፍት ካለ አብሬው ነኝ።

መልስ 27

ከሐረር ነው። ስሙ የተጠራው የእሱ ከተማ ሆኖ ሳለ ማንም ሐረሬ አለመናገሩ አስገርሞታል። ከድሬዳዋ ተነስቶ ደንገጎን እየወጣ ይህን ካሴት ማድረግ የቤተሰቡ ልማድ ነበር። መንገዱ እንደሚጠመዘዝ፣ ሙቀቱ እንደሚቀር፣ ሐሮማያ ሲደርሱ መስኮት እንደሚከፈት ሁሉ ጻፈ። የሙዚቃ ፍርዱ አጭር ነው፤ ይህ አልበም ተቀምጠው የሚሰሙት አይደለም፣ እየሄዱ ነው።

መልስ 28

ሰባተኛው ተመለሰ። «ወደ ሐረር ጉዞ»ን እንደገና በጆሮ ማዳመጫ ሰምቶታል። ባንዱ ኦርጋኑን ይጠብቃል ያለውን አልሻረም፤ ነገር ግን «ምን ልበልሽ» ላይ ድራመሩ ከኦርጋኑ ሐረግ ጋር የሚያደርገውን ምልልስ መጀመሪያ እንዳላስተዋለው ጻፈ። አሁንም «ቼ በለው» ይቀድማል ይላል። ክፍተቱ ግን ጠቧል።

መልስ 29

የመጨረሻው የኔ ነው፤ ፍርድ ለመስጠት ሳይሆን አንድ ነገር ለማሳሰብ ነው። በዚህ ሁሉ መልስ ውስጥ የዋልያስ ሰዎች በስም ተጠርተዋል። «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ከኃይሉ ጋር የተጫወቱት የዳህላክ ባንድ ልጆች ግን አንዳቸውም አልተጠሩም። በዚያን ጊዜ ወጣቱ ግዮን ሆቴል የሚሰበሰበው እነሱን ለመስማት ነበር፤ ሙሉቀን መለሰን ያጀቡበት የካይፋ ሸክላም በብዙ ሰው ቤት ገብቷል። በግዮን የሰማቸው፣ አብሯቸው የሠራ፣ ወይም ቤተሰባቸው የሆነ ሰው ይህን ካነበበ፣ ድራሙን ማን እንደያዘ፣ ጊታሩን ማን እንደተጫወተ፣ ባሱን ማን እንደመታ ይጻፍልን። የካሴቱ የመጀመሪያ ሽፋን ያለውም ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንስቶ ይለጥፍልን።